ቀን የማይተኛበት ቤት

እማዬ ቀን አትተኛም። ልቧ ደክሟል፣ እግሯ ያብጣል፣ ሐኪሙ ከምሳ በኋላ የግድ ጋደም ማለት አለባት ብሎ እኔን ተቆጣኝ። እኔን! የማልለምናት ይመስል። ትራሱን አመቻችቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ «እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ ጋደም በይ» ስላት ከዚያች ድርቅ ካለች የእንጨት ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣ «ሰው ቢመጣስ?» ትለኛለች።

«ቢመጣ ምን ይሆናል?»

«የእንቅልፋሙን ሚስት ተኝታ አገኘናት ይበሉ?»

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ያለችው እዚያው የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ በመንገዱ በኩል ካለው በር አጠገብ ነው። እንዲህ ስትለኝ መኪናዬን እንደ ጠላት እረግጣታለሁ። በእማዬ ምክንያት ስንት መርፌ እንደሰበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኛ ቤት ቀን ተኝቶ አይታወቅም። ልጆች ሆነን ትኩሳት ሲይዘን እንኳ ግድግዳ አስደግፋ ታስቀምጠን ነበር። ወንድሜ አድጎ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ፤ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ሲገባ እንደ ሰው አልጋው ላይ አይተኛም። መኪናውን ሩቅ ቦታ አቁሞ ጋቢና ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ሚስቱ መጀመሪያ ሌላ ሴት የያዘ መስሏት ስትከታተለው ሲያንኮራፋ አገኘችው አሉ። እስካሁን እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔ ግን አያስቀኝም።

ይኼ አመል ከሰማይ አልወረደብንም። አባዬ የባቡር ሐዲድ ቀያሪ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው፤ ውስጧ አንድ ስልክ፣ አንድ ፋኖስ፣ አንድ በርጩማ። ባቡር ሲመጣ ከጣቢያው ይደወልለታል፣ በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ ይነገረዋል፣ ወጥቶ ትልቁን የብረት ዘንግ ይስባል፣ ሐዲዱ ይዞራል። ሥራው ይኼው ነው። ካልተደወለለት አያውቅም፤ ካላወቀ ደግሞ አይስብም። አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁለት ባቡሮች በአንድ መስመር ፊት ለፊት ተገናኙ። ብዙ ሰው አለቀ። አንድ ፉርጎ ተገልብጦ አባዬን ከነክፍሉ ደፈጠጠው።

ገና አልቀበርነውም ነበር ሬዲዮው ሲናገር። «አደጋው የደረሰው በሐዲድ ቀያሪው እንቅልፍ ምክንያት መሆኑ በማጣራት ተረጋግጧል» አለና ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራው። እኔ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የሱ ስም ይበቃዋል፤ ሲጠራ ኖሯል። ያልተጠራው የሌሎቹ ነው።

ከዚያ ወዲያ የእኛም ስም ቀረ። ሱቅ ስላክ፣ «አንቺ የእንቅልፋሙ ልጅ፣ መልስሽን እንዳትረሺ» ይለኛል ባለሱቁ። ትምህርት ቤት መልስ ሲዘገይብኝ ከኋላ አንዱ፣ «ተዋት፣ የዘር ነው!» ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ያወካል፤ አስተማሪው ራሱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ እኮ! አባቴን ቀብሬ የመጣሁ ልጅ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እማዬ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። ያን ሰሞን አባዬ ማታ እየመጣ፣ «ስልኩ ታሟል» ይል ነበር። አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። አመልክቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ ይል ነበር። አጣሪ የተባሉት ሰዎች ታዲያ እማዬን መጥተው አንድ ቃል አልጠየቋትም። ወረቀታቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ፣ አስቀመጡ። ከዚያ ወረቀት ውስጥ ሕዝብ የሰማው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስልኩ ሠርቶ ነበር ወይስ አልሠራም? ተደውሎለት ነበር ወይስ አልተደወለለትም? እሱ ተቆልፎበታል። አርባ ዓመት!

እማዬ እየደከመች ስትመጣ እኔም ደጅ መጥናት ጀመርኩ። ቤተ መዛግብቱ መሀል ከተማ ያለ ትልቅ ሕንጻ ነው፤ በሩ ላይ «ታሪክ የሕዝብ ሀብት ነው» የሚል ጽሑፍ በነሐስ ተለጥፎበታል። ነሐሱን በየጠዋቱ ይወለውሉታል። ውስጥ የተቀበለኝ የመረጃ ሠራተኛ ጸጉሩን በሥርዓት ያበጠረ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ስድብ እንኳ ቢሰድብሽ የሚያመሰግንሽ የሚመስል ሰው ነው።

«ፋይሉ አለ፣ እናቴ» አለኝ። «ግን ዝግ ነው።»

«ለምን ተዘጋ?»

«የሟች ቤተሰቦችን ለመጠበቅ።»

«የሟች ቤተሰብ እኔ ነኝ።»

«አዎ። እርስዎን ለመጠበቅ ነው።»

«ከማን?»

ትንሽ አሰበ። «ከመረጃው» አለኝ።

ይኼን ሰው ምን ትሉታላችሁ? በእውነት ምን ይባላል? ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ተመላለስኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው መስክ ናቸው፣ ኃላፊው ተቀይረው አዲሱ ገና አልተረከቡም። እግሬ ቀጠነ። በመጨረሻ እንዲገላገሉኝ ነው መሰለኝ ከማጣሪያው ሪፖርት የአንድ ገጽ ቅጂ ሰጡኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥኩት።

ገጹ በጥቁር ቀለም ተደፍኗል። ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ጥቁር ነው። እዚህ ጋ «እና» የሚል ቃል፣ እዚያ ጋ «በዕለቱ» የሚል ቃል ተርፏል። በመሀል ከሁሉ ጎልቶ፣ አንድም ጠብታ ቀለም ሳይነካው፣ የአባቴ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ተቀምጧል።

ተመልሼ ገባሁ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የተደፈኑት የግለሰቦች ስምና ከእነሱ ጋር የተያያዘ መረጃ ነው፣ እናቴ። የግል ሕይወታቸው ይጠበቃል።»

«የአባቴንስ ለምን አልደፈናችሁትም?»

«እሳቸው ሞተዋላ» አለኝ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «የሞተ ሰው የግል ሕይወት የለውም።»

እንዴት ቤት እንደገባሁ አላውቅም። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ እሱ ደግሞ ሌላ ዘፈን ይዞ ጠበቀኝ።

«እታለም፣ ተዪው በቃ» አለኝ። «ተኝቶ ቢሆንስ?»

«ተኝቶ ቢሆንስ ምን?»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ተኝቶ ቢሆንስ? አሁን እኮ ቢያንስ ‹ምናልባት› የምንላት ነገር አለችን። ፋይሉ ተከፍቶ ተኝቶ ነበር ቢል እሷም ትቀርብናለች።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ያናደደኝ ስለተሳሳተ አልነበረም። እኔም ሌሊት ሌሊት ይኼንኑ ስለማስብ ነው የተናደድኩት። እማዬ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ አባትሽ ራት እየበላ ማንኪያውን እንደያዘ እንቅልፍ ጭልጥ ያደርገው ነበር ብላ። እንቅልፋም ሰው ነበር። ታዲያ ደፍሬ፣ ያን ቀን አልተኛም ነበር ልል አልችልም። ማወቅ ነው የምፈልገው። አወቅሁም አላወቅሁም ግን ያ ወረቀት የእነሱ የግል ዕቃ አይደለም!

ከደንበኞቼ አንዷ ጠበቃ ናት። ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ ፊቴን አይታ፣ «ምን ሆነሻል እትዬ?» ስትለኝ ያን ጥቁር ገጽ አወጣሁላት። ቀሚሱን እንደለበሰች፣ ስፒሎቹ እንደተሰኩ፣ ቆማ አነበበችው።

«ጊዜው ነው» አለችኝ። «ምክር ቤቱ የመዛግብት ሕግ እያረቀቀ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የመንግሥት ፋይል ሁሉ ለማንም ክፍት ይሆናል ይላል ረቂቁ።»

«እልል ልበል?»

«ቆይ። አንድ ሐረግ ሊጨምሩበት ነው። ‹ፋይሉን የያዘው መሥሪያ ቤት ካልተቃወመ በስተቀር› የምትል። እሷ ከገባች ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ሁሉም ይቃወማል። ኮሚቴው ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። ስምሽን ላስመዝግብልሽ?»

«የእኔን ስም? የእኔን ማን ያውቀዋል? የእንቅልፋሙ ልጅ ብለሽ አስመዝግቢኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን አስመዘገበችኝ።

እማዬን አልወስዳትም ብዬ ነበር። እሷ ግን ሐሙስ ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ጸጉሯን አስራ፣ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ጠበቀችኝ። ወንድሜም ሳይጠራ መጣ። «እናንተን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው» አለ፣ ዓይኔን ሳያየኝ። ያንን ትልቅ መኪና ምክር ቤቱ አጠገብ ሊያቆም ሲል ፖሊሶቹ እንዴት እንዳዋከቡት ሌላ ታሪክ ነው።

አዳራሹ ሞቃት ነው። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ ተወካይ ፊት ማይክሮፎንና የታሸገ ውሃ። የመስኮቶቹ መጋረጃ ተንጋዶ የተሰፋ፣ አንዱ ጫፍ መሬት የሚጠርግ አንዱ ጉልበት ላይ የቀረ ነው፤ የሰፋውን ባገኘው ኖሮ የዚያን ቀን ንዴቴ እሱ ላይ ያልቅ ነበር። በጎን በኩል አንዲት ቃለ ጉባኤ ያዥ ኮምፒውተር ይዛ ተቀምጣለች። የምትጽፈው ሁሉ በግድግዳው ላይ ባለ ትልቅ ስክሪን ይታያል። ሰብሳቢው፣ ረጅምና መነጽራም ሰው፣ ይኼን በኩራት አስተዋወቀ። «ግልጽነታችንን ለማሳየት ነው፤ የምትናገሩት ቃል በቃል ሲመዘገብ በዓይናችሁ ታያላችሁ» አለ።

መጀመሪያ የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ ተናገረ። እንዴት ያለ አፍ መሰላችሁ! «ያለፈን መክፈት የዳነ ቁስልን መነካካት ነው» አለ። «ሕዝባችንን ከማያስፈልግ ሐዘን መጠበቅ ኃላፊነታችን ነው» አለ።

«ቁስሉ የማን ሆነና ነው አንተ የምትታመምለት?» አልኩ። በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፊቴ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ወንድሜ ክርኑን ጎኔ ላይ ሰካ።

ተራዬ ደረሰ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ክቡራን» አልኩ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ንግግር አልችልም። ስለዚህ ራሳችሁ የሰጣችሁኝን ወረቀት ነው የማነብላችሁ። አባቴ እንዴት እንደሞተ የሚናገር ገጽ ነው።»

ያን ገጽ ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። «ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር። ‹እና›። ጥቁር። ጥቁር። ‹በዕለቱ›። ጥቁር። ጥቁር።» ቃለ ጉባኤ ያዧ ምን ታድርግ፣ ትጽፋለች፤ ግድግዳው ላይ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር እየተባለ ይወርዳል። መጀመሪያ አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። የአባቴ ስም ጋ ስደርስ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደዚያ ሬዲዮ አድርጌ አነበብኩት። ፈገግታው ጠፋ።

«አያችሁ?» አልኩ። «ስልክ የደወለው ወይ ያልደወለው ሰው ጥቁር ነው። ስልኩ ታሟል ሲባል ዝም ያለው አለቃ ጥቁር ነው። አጣራሁ ብሎ የፈረመው ጥቁር ነው። አባቴ ብቻ ነው ራቁቱን የቆመው። እናንተ ሕግ አውጪዎች ናችሁ። ያችን ሐረግ አትጨምሩ! የደበቀውን ሰው እባክህ ትቃወማለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ! እሱማ ይቃወማል እንጂ ምን ሊል ነው? ሠላሳ ዓመት ካላችሁ ሠላሳ ዓመት ይሁን፤ ይከፈት። የምናገኘው ክፉ ቢሆን እንኳ የእኛ ክፉ ነው...»

እዚህ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ኩርር አለ፤ ቆየ፤ ደግሞ ኩርር አለ። ከጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ላይ አንድ ወፈር ያሉ ተወካይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ተኝተዋል።

እንዲያው ምን ልበላችሁ? አርባ ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ገነፈለ።

«እኚህ ሰውዬ ተኝተዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «አባቴ በእንቅልፍ ተከሶ ነው የመጣሁት፤ እናንተ ደግሞ ተኝታችሁ ትሰሙኛላችሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት እባካችሁ! ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ!»

ሁላችንም ወደ ግድግዳው አየን። «እኚህ ሰውዬ ተኝተዋል» የሚለው እዚያ ተጽፎ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዧ ሰብሳቢውን አየች፣ የኮምፒውተሩን ጠቋሚ መስመሩ መጨረሻ ላይ አቆመች፣ አንድ ቁልፍ ተጭና ያዘች። ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት እየተበሉ ሄዱ። «ተኝተዋል» ጠፋ። «ሰውዬ» ጠፋ። «እኚህ» ጠፋ። ቦታው ነጭ ሆነ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት!

ሳቁ ቆመ። ማንም እንዲቆም አላዘዘም፤ ራሱ ቆመ።

«ይኸው!» አልኩ። «ይኸው፣ አያችሁት! እንዲህ ነው የሚጠፋው! እንዲህ ነው ያጠፋችሁብን!»

ከተኙት ተወካይ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ልትቀሰቅሳቸው እጇን ስትዘረጋ ከጎኔ፣ «ተይው ልጄ፣ አትቀስቅሺው» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እማዬ ናት። ወንድሜን ተደግፋ ቆማለች። «ደክሞት ነው። ሰው ይደክመዋል» አለች።

ሰብሳቢው፣ «እናታችን፣ ስምዎ አልተመዘገበም» ብሎ ጀመረ። ዞር ብላ አየችው። ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ያዝኩላት።

«የእኔም ባል ይደክመው ነበር» አለች። «ራት እየበላ ማንኪያውን እንደያዘ ይተኛ ነበር። ስለዚህ አልተኛም ብዬ ልምልላችሁ አልመጣሁም። አላውቅም። ስልኩ ታሟልም ይል ነበር። ተደውሎለት ተኝቶ ከሆነ፣ ያን ሁሉ የሰው ልጅ አስጨርሷል፤ ልቀየመው። ካልተደወለለት ደግሞ በግፍ ነው ስሙ የጠፋው፤ ላልቅስለት። አርባ ዓመት ሙሉ አንዱንም ሳላደርግ ቁጭ ብያለሁ። ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው። ልቀየመው ወይስ ላልቅስለት? ይችን ብቻ ንገሩኝና ሌላውን ሁሉ ቆልፉት።»

የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ የውሃውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ወንድሜ ወለሉን እያየ እንባው አፍንጫው ላይ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ያቺ ማይክሮፎን እጄ ውስጥ እንዳትሰበር ፈራሁ።

ዝምታው ነው መሰል የቀሰቀሳቸው፣ ተኝተው የነበሩት ተወካይ ብንን አሉ። ግራ ቀኝ አዩ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከች። ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ ማይክሮፎናቸውን አበሩት።

«ይያዝ» አሉ። «ተኝቻለሁ። እውነት ነው። አጥፍቻለሁና ይጻፍ።»

እኔ እሳቸውን ልናደድባቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ንዴቴን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። እማዬ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ጎሽ ልጄ» አለቻቸው። «አየህ፣ አንተ ነቅተህ በአፍህ መለስክ። የእኔን ባል የጠየቀው የለም።»

ቃለ ጉባኤ ያዧ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አስቀምጣ ሰብሳቢውን ታያለች። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ለተሰጡት አስተያየቶች እናመሰግናለን፤ አሁን የሻይ ዕረፍት እናደርጋለን» አለ። ስክሪኑ ጠፋ።

ሲወጡ ቃለ ጉባኤ ያዧን በሩ ላይ ጠበቅኳት። «እኔ ያልኩት፣ እናቴ ያለችው፣ እሳቸው ያሉት ተይዟል?» አልኳት። ዓይኗን ሰበረች። «ረቂቅ ቃለ ጉባኤ ለውጭ ሰው አይሰጥም፣ እናቴ። ሲጸድቅ በማመልከቻ ይጠይቁ» አለችኝ። እንዴ! ያንኑ ያስጠናቸው አንድ ሰው አለ እንዴ? ስብሰባውን አብራን የተከታተለችው ጠበቃዋ ባትይዘኝ ኖሮ ያን ቀን ታስሬ ነበር።

«ሐረጓን ያወጧታል?» አልኳት ጠበቃዋን።

«አላውቅም እትዬ። ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ሳምንት ነው። ከተወካዮቹ ሁለቱ ወረቀትሽን ኮፒ ስጪኝ ብለውኛል።»

«ጥቁሩን?»

«ጥቁሩን።»

«ጥቁርማ ሞልቶኛል» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተደርድረን ተቀምጠናል፤ እማዬ መሀል። ወንድሜ ብዙ መንገድ ነዳ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ እውነት ማንኪያውን እንደያዘ ይተኛ ነበር?» አላት። እሱ ያኔ ሕፃን ነበር፤ የሚያስታውሰው የለም።

«እንደያዘ! ሾርባው ሱሪው ላይ ሲፈስ ነው የሚነቃው። ከዚያ ‹አልተኛሁም› ብሎ ይከራከረኛል።»

ወንድሜ ሳቀ። በአባታችን ነገር ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊቀየርበት ሲል መኪናውን ዳር ያዘ፤ እማዬ እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

ቤት ስንደርስ ፀሐዩ ገና ነው። እንደ ልማዷ ወደ ወንበሯ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ አለፈችው። የፊተኛው ክፍል ጥግ ላይ ያለው የእኔ አልጋ ላይ ቁጭ አለች፤ ጫማዋን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አወለቀች፤ ጋደም አለች። ሹራቧን እንደለበሰች፣ በቀን ብርሃን። ደነገጥኩ። ልቧ የቆመ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ።

«እማዬ! አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ደከመኝ» አለች። «የምጠይቀውን ጠይቄያለሁ። ካሁን በኋላ እንቅልፍ የሚያጣ ካለ እነሱ ይጡ።»

ሰው እንዳያያት መጋረጃውን ልስብ፣ በሩን ልዘጋ ተነሣሁ። የማይለቅ ልማድ!

«ተዪው» አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና። «በሩን ክፍት ተዪው።»

ተውኩት። መኪናዬን መርገጥ ትቼ በእጄ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የላይኛው ግቢ ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በሷ በኩል የሚያልፈው፣ በበሩ ስታልፍ ቆመች። አንገቷን አስግጋ አየች። ዓይኗ ከእማዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እማዬ ሄደ።

«ውይ» አለች በሹክሹክታ፣ «ተኝተው ነው?»

«አዎ፣ ተኝታለች» አልኳት። አላንሾካሾክኩም። «ሂጂና ለሰፈሩ ሁሉ ንገሪ።»